አንኮበር የደረሰው ግማሽ ጠርሙስ

ሽማግሌ ሆናችሁ ተልካችሁ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ ዕድለኞች ናችሁ። እኔ እንኳን የሰው ልጅ ለጋብቻ ልጠይቅ፣ ከጎረቤት መሰላል ለመዋስ ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ ጉሮሮዬን ስጠርግ ቆይቼ ሳላንኳኳ የምመለስ ሰው ነኝ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ሰፈሬን አልፌ ሄጄ በእግሬ የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው። ይህን ጠባዬን አሳምረው የሚያውቁ ዘመዶቼ ናቸው እንግዲህ ተሰብስበው፣ መክረውና ዘክረው «አንተ ሂድ» ያሉኝ። መጀመሪያ የታሰቡት አጎታችን ነበሩ፤ እሳቸው ግን ወገባቸው ተያዘና ተኙ። ምነው ለኔም እንዲህ ያለ ወገብ በሰጠኝ!

ጉዳዩ የታናሽ ወንድሜ የብሩክ ነው። ብሩክ እዚሁ ደብረ ብርሃን ሲማር መስከረም ከምትባል የአንኮበር ልጅ ጋር ተዋወቀ። ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ ስምጥ ሸለቆ ወርዶ፣ ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ካለ የወይን እርሻ ሥራ ያዘ። ፍቅሩ ግን አልወረደም፣ እዚሁ ደጋ ላይ ቀረ። እናም ሊያገባት ነው። ችግሩ አባቷ ናቸው። ጋሽ ደምሴ ይባላሉ፣ ገብስና ባቄላ የሚያርሱ ሰው ናቸው። ብሩክ የት እንደሚሠራ ሲሰሙ «ለመጠጥ ነጋዴ ልጅ የለኝም» ብለዋል ተብሎ ወሬው እኛ ሳንደርስ ደርሶናል።

በሰውየው መፍረድ አይቻልም። የመጀመሪያ ልጃቸውን ያገባት ሰው ጠጪ ነበር። ቤቱን ጠጥቶ፣ በሬዎቹን ጠጥቶ፣ በመጨረሻም እሷን መምታት ጀመረ። ልጆቿን ይዛ አባቷ ቤት ተመልሳ ትኖራለች። እንዲህ ያለ አባት ዘንድ ሄዶ ስለ ወይን ማውራት የሚያስፈራው ለዚህ ነው።

ብሩክ ግን አንድ ሐሳብ መጣለት። ሐሳብ የሚመጣለት ሰው ቤተሰብ ውስጥ ሲኖር እንዴት እንደሚያስቸግር ታውቃላችሁ። አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ላከልኝና ደወለ።

«ጋሼ፣ እኔ መጠጥ ነጋዴ አይደለሁም፣ ገበሬ ነኝ። ጠርሙሱን ስጣቸውና እርሻ መሆኑን አስረዳልኝ። ገበሬ ናቸው፣ ይገባቸዋል።»

ከዚያ ያስረዳኝ ጀመር። የወይኑ ዘር ሲራ ይባላል። ፍሬው ትንንሽ፣ ጥቁር፣ ቆዳው ወፍራም ነው። የዝዋይ አሸዋማ አፈር ውሃ አይቋጥርም፤ ቀን ፀሐዩ ያበስለዋል፣ ማታ ደግሞ ከሐይቁ የሚነሳው አየር ያቀዘቅዘዋል። በዚህ ምክንያት ጉልበተኛ ወይን ይወጣዋል። ሲቀምሱት መጀመሪያ እንጆሪ፣ ቀጥሎ ቁንዶ በርበሬ፣ መጨረሻ ላይ ጭስ ጭስ ይላል አለኝ። እኔ ቁንዶ በርበሬና ጭስ ባምረኝ የሚስቴ ወጥ አለ ብዬ ልመልስ ነበር፣ ልጁ ግን ሲያወራ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። በዚህ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ወይን እሱ ራሱ የገረዘው ሐረግ ላይ የበቀለ ነው። 

«አንድ ነገር እንዳትረሳ» አለኝ በመጨረሻ። «እንደተከፈተ ከተጠጣ አፍ ይይዛል፣ ይጎመዝዛል። ተከፍቶ አንድ ሰዓት ያህል አየር ማግኘት አለበት።»

እዚህ ላይ ነው የኔ ብልህነት የጀመረው። አስቡት፣ ጋሽ ደምሴ ጠርሙሱን ተቀብለው ወዲያው ቢከፍቱትና ቢቀምሱት፣ ፊታቸው ቢጨማደድ፣ ወንድሜ አለቀለት። «ጌታዬ፣ አንድ ሰዓት ይታገሡ፣ መጠጡ አየር እያገኘ ነው» ብዬ እንዴት እላለሁ? ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩና ሲነጋ መላው መጣልኝ። ከደብረ ብርሃን አንኮበር በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እዚህ ከፍቼው ብሄድ መንገድ ላይ አየሩን ሲያገኝ ሲያገኝ ይደርሳል። አየሩም ቢሆን የደብረ ብርሃን አየር ነው፣ ንጹሕና ቀዝቃዛ፣ ያውም በነፃ። እስካሁን ድረስ በዚህ ስሌት ላይ ስህተት አላገኘሁበትም።

ለመክፈት ስነሳ የቡሽ መንቀያ የለንም። ባለቤቴ ቤት ውስጥ ያለውን ሹል ነገር ሁሉ አቀረበችልኝ፣ ቢላዋ፣ ሚስማር፣ የፀጉር ማስያዣ ሳይቀር። ቡሹ ከላይ ከላይ እየተፈረፈረ እምቢ አለ። በመጨረሻ የእንጨት ማንኪያውን እጀታ አፉ ላይ ተክዬ በመዳፌ መታሁት። ቡሹ ወደ ውስጥ ገባ፣ ወይኑ ወደ ውጭ ወጣ። ለሽምግልናው ተብሎ የተተኮሰው ነጭ ሸሚዜ ደረቱ ላይ ቀላ። ሌላ ሸሚዝ ለመተኮስ ጊዜ ስላልነበረ ጋቢዬን እስከ አገጬ ድረስ ተከናነብኩ።

«አሁን ይሄን በምን ልትደፍነው ነው?» አለችኝ ባለቤቴ። «ፌስታል አድርጌ በላስቲክ ልሰርልህ?»

«አይሆንም! አየር ማግኘት አለበት!»

«እንደው ይሄ መጠጥ ነው ወይስ የታመመ ሰው?»

ተከራክረን ተከራክረን ሶፍት ጠቅልላ ላላ አድርጋ ወተፈችበት። እኔም ጠርሙሱን በሁለት እጄ አቅፌ ወጣሁ።

ውጭ ሁለቱ ባልደረቦቼ ይጠብቁኛል። አንደኛው ጋሽ ሸዋንግዛው ናቸው፣ በሽምግልና ስማቸው የታወቀ፣ ተናግረው የማያሳምኑት ሰው የሌለ። ያው ግን ቀኝ እጃቸው ካልተወራጨ ንግግራቸው አይወጣም። ሁለተኛው ጎረቤቴ ታደሰ ነው፣ የመኪናው ባለቤትና ነጂ። ታደሰ ደግ ሰው ነው፣ አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ ሲጨንቀው እውነት ይናገራል። ይህ ለሽምግልና ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ጋሽ ሸዋንግዛው ከኋላ እኔ አጠገብ ተቀመጡ። ጋቢያቸው አዲስ ነው፣ ንጣቱ ዓይን ይወጋል። ጠርሙሱን በጉልበቶቼ መሃል ይዤ ተነሳን። መንገዱ በተጠማዘዘ ቁጥር እኔም ከጠርሙሱ ጋር እጠማዘዛለሁ። ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር «ቀስ!» እላለሁ። ታደሰ መጀመሪያ «እሺ» ይለኝ ነበር፣ ኋላ ዝም አለ፣ ከዚያ «ከፈለግህ አንተ ንዳ» አለኝ። በጀርባዬ ላብ ይወርዳል፣ ውጭ ጉሙ ሜዳውን ሁሉ ሸፍኖታል። የመኪናው ውስጥ ደግሞ መሽተት ጀመረ። የወንድሜ ወይን በእርግጥ ጉልበተኛ ነው።

«ኧረ ይሄ ነገር ልብሳችን ላይ ይቀራል» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው። «መስኮቱን ክፈቱት።»

መስኮቶቹን ሁሉ ከፈትን። የዚያን መንገድ ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጥርሳችን እየተንገጫገጨ ትንሽ እንደሄድን የበግ መንጋ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ታደሰ ፍሬኑን ረገጠ። ሶፍቱ እንደ ጥይት ተፈናጠረ። ወይኑ አንዴ ወጣና፣ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል፣ ጋሽ ሸዋንግዛው ጋቢ ላይ አረፈ።

 በጎቹ እንኳ ቆመው አዩን። ጋሽ ሸዋንግዛው ቀስ ብለው ጋቢያቸውን ቁልቁል አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ፣ ከዚያ እንደገና ጋቢውን። «ይሄ ሰው ያረደ ሰው ልብስ ነው» አሉ።

ወንዝ ዳር ወርደን አጠብነው። አጠብነው ማለት አሰፋነው። መዳፍ የምታህል የነበረች ቀይ ነጠብጣብ ትከሻ የሚያህል ሐምራዊ ሆነች። በመጨረሻ ጋቢውን አጣጥፈን፣ እድፉ በቀኝ ብብታቸው ሥር እንዲውል አድርገን አለበስናቸው። ክንዳቸውን ከጎናቸው ካላላቀቁ አይታይም። ይህ ማለት የአገሩ ተናጋሪ ዛሬ ቀኝ እጁን ሳያነሳ ሊናገር ነው። ጠርሙሱን ብርሃን ላይ ይዤ አየሁት። ከግማሽ ትንሽ በለጥ ይላል፣ ቡሹ ውስጡ ይዋኛል።

«እንመለስ» አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት።  ብሩክ ስልኩን አፍጥጦ እያየ እንደሚጠብቅ ስለማውቅ ግን ደግሜ አላልኩም።

የጋሽ ደምሴ ቤት ከመንገዱ ወረድ ብሎ፣ ገደሉን ቁልቁል የሚያይ ቦታ ላይ ነው። «ቤቶች!» ስንል እሳቸው ራሳቸው ወጡ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጸጥ ያሉ ሰው። እኛ ደግሞ እንዴት ሆነን እንደደረስን አስቡት። ብርዱ አፍንጫችንን አቅልቶታል፣ ነፋሱ ዓይናችንን አስለቅሶታል፣ እኔ ከሸሚዜ እሸታለሁ፣ ጋሽ ሸዋንግዛው ከብብታቸው ይሸታሉ፣ ታደሰ ምንም ሳይነካው እንዲሁ ከኛ ጋር በመምጣቱ ይሸታል። ሰውየው አንድ በአንድ አዩን።

«በሉ ግቡ» አሉ። «መንገድ ላይ አረፍ ብላችሁ ነበር እንዴ?»

«በግ ገብቶብን ነው» አለ ታደሰ።

«በግ?»

«አዎ፣ በጉ ነው ያስደፋው። እኛ አልጠጣንም።»

ማንም ጠጥታችኋል አላለንም ነበር። ጋሽ ሸዋንግዛው ቶሎ ብለው ወጉን ጀመሩ፣ ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው፣ ጉዳያችን ሳይመለስ ቤታችሁ እህል ውሃ አንቀምስም አሉ። ይህ የታወቀ ነው። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አፉ ላይ አንዳች ነገር ካደረገ፣ የተሰጠውን መልስ ሁሉ ተቀብያለሁ ማለቱ ነው። እሺም ቢሉት እምቢም ቢሉት አመስግኖ መሄድ ነው።

ጋሽ ሸዋንግዛው ክንዳቸውን አጣብቀው የብሩክን ትውልድ ቆጠሩ። እጃቸው ስለታሰረ ይሁን እንጃ፣ ቃሉ አልመጣላቸውም። የራሳችንን አያት ስም ሳቱ። ስለ ትዳር ክብር ሲደርሱ ግን የድሮ ወኔያቸው መጣና ቀኝ እጃቸው ወደ ጣሪያው ተነሳ። ሐምራዊው ብብት ፍንትው አለ። ጋሽ ደምሴ ዓይናቸው እዚያው ላይ ቀረ።

«ምን አገኘዎት፣ ጋሼ? ቆስለው ነው?»

«ወይን ነው» አለ ታደሰ።

ከዚያ በኋላ ጠርሙሱን መደበቅ ትርጉም አልነበረውም። ከጋቢዬ ሥር አውጥቼ በሁለት እጄ አቀረብኩ። ጋሽ ደምሴ ተቀበሉት፣ አዘነበሉት፣ ውስጡ የሚዋኘውን ቡሽ አዩ።

«ተጀምሯል» አሉ።

«አየር እንዲያገኝ ብዬ ነው» አልኩ። ድምፄ ከየት እንደሚመጣ እኔም አላወቅኩትም።

«አየሩ ነው ግማሹን የጠጣው?»

ከዚህ ወዲያ ምን እንደምናገር ሳላውቅ ብሩክ የነገረኝን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አፈሰስኩት። ሲራ፣ ጥቁር ፍሬ፣ አሸዋማ አፈር፣ የቀን ፀሐይ፣ የማታ ብርድ፣ ሐረጉ በእጅ እንደሚገረዝ፣ ከሐይቁ የሚወጣ ጉማሬ እንዳይገባበት ዙሪያውን ቦይ እንደተቆፈረለት።

«ጉማሬ ወይን ይበላል?» አሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ላይ ነገር ታየ።

«ይበላል መሰለኝ፤ እንጃ።»

«እዚህ ባቄላዬን ጃርት ነው የሚጨርሰው።» ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ፊታቸው ተመልሶ ጠበቀ። «እርሻው ይሁን። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ወንድምህ ይጠጣል?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ እንኳ ጸጥ አለ፤ እዚያ ሰው እንዳለ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

«ሥራው ነው፣ ይቀምሳል» አልኩ። «ግን አይውጥም። አፉ ውስጥ ያንከባልለውና ይተፋዋል። ቀኑን ሙሉ ሲቀምስ ሲተፋ ይውላል።»

«ቀምሶ ይተፋል?»

«አዎ።»

«አፉ የገባውን?» ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ይሄንስ ካላየሁ አላምንም። እስቲ አሳየኝ።»

ብርጭቆ አመጡና ቀዱልኝ። ጋሽ ሸዋንግዛው በዓይናቸው ይቆነጥጡኛል። እኔ ግን ፈጥኜ አሰብኩ፤ የሚተፋ ነገር እንደ መቅመስ አይቆጠርም፣ ስለዚህ ወጋችን አልፈረሰም። ደግሞም የወንድሜን ስም የማጠራበት ዕድል ይሄ ነው። አፌን ሞልቼ ተጎነጨሁ።

ከዚያ የት እንደምተፋው ፈለግኩ።

ወለሉ ላይ ለኛ ሲባል የተነጠፈ አዲስ ምንጣፍ አለ። ፊት ለፊቴ ጋሽ ደምሴ ተቀምጠዋል። በግራዬ ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ጋቢያቸው ከዚህ በላይ የሚችል አይደለም። በሩ በጋሽ ደምሴ ጀርባ ነው፤ መልስ ሳይሰጥ ተነስቶ የሚወጣ ሽማግሌ ደግሞ ተቀይሞ ወጣ ነው የሚባለው። መትፋት አልችልም፣ መውጣት አልችልም፣ ከዋጥኩት ጉዳያችንን በፈቃዴ ሸጥኩት። ጉንጬ ተነፍቶ፣ ዓይኔ ፈጥጦ ቁጭ አልኩ። ወይኑም ድዴን፣ ምላሴን፣ ላንቃዬን አንድ በአንድ መያዝ ጀመረ። አየር ማግኘቱ ምንም አልጠቀመውም።

ጋሽ ደምሴ እኔን እያዩ ማውራት ጀመሩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው።

«የመጀመሪያዋን ልጄን ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች እናንተ የተቀመጣችሁበት ነበር የተቀመጡት። ልብሳቸው ነጭ፣ ንግግራቸው ያማረ፣ የሚሸት ነገር የላቸው። ወደድኳቸው። ልጄን ትወጂዋለሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም። እዚያው ቁጭ እንዳሉ ሰጠሁ። አሁን ማታ ማታ ስትባንን እሰማታለሁ። የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

እንባዬ መጣ። ግማሹ የወይኑ ነው፣ ግማሹ ግን የእውነት ነበር። እሳቸው አዩኝና «አይዞህ፣ አታልቅስ» አሉ። ከዚያም «አንተስ ምን ትላለህ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እምምም» አልኩ።

«ጋሽ ደምሴ» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው እየተቁነጠነጡ፣ «እባክዎ መልስዎን ይስጡን፣ ይሄ ሰው ሊታፈን ነው።»

ይሄኔ መጋረጃው ተገለጠና መስከረም የእጅ ማስታጠቢያ ሳህን ይዛ ወጣች። የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትወጣም፤ ጓዳ ገብታ መደበቅ ነው ወጉ። እሷ ግን ቀጥ ብላ መጣች፣ እፊቴ በጉልበቷ ተንበረከከችና ሳህኑን አቀረበችልኝ።

«ጋሼ፣ እዚህ ይትፉት» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ማን ጠራሽ?» አሉ አባቷ፤ ድምፃቸው ቤቱን ሞላው።

እኔ ደነገጥኩ። ስደነግጥ ደግሞ ዋጥኩት። ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ጉሉክ ብሎ ወረደ። ሳህኑ ከአገጬ ሥር ነው፣ ሁሉም ያየኛል፣ አፌ ውስጥ ምንም የለም። ምን ላድርግ? አንገቴን ደፍቼ «እንትፍ» አልኩ። ደገምኩት። አፌን በጋቢዬ ጠረግኩ።

መስከረም ሳህኑን አየች። ከዚያ እኔን አየች። ፊቷ ላይ ምንም አልተለወጠም። የነጠላዋን ጫፍ ሳብ አድርጋ ሳህኑን ሸፈነችው።

«ማንም አልጠራኝም፣ አባዬ» አለች ወደ አባቷ ዞራ። «ብሩክም ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የሚያደርገው። በቪዲዮ አሳይቶኛል። መትፊያ እንደሚያስፈልጋቸው ስለማውቅ ነው የወጣሁት።»

ጋሽ ደምሴ ለረጅም ጊዜ አዩዋት።  ታደሰ አፉን ሲከፍት አይቼ እግሩን ረገጥኩት።

«ልጅቱን ልጠይቅ፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ልላችሁ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ይኸው ሳልጠይቃት መለሰች።» ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «እናንተ ቆሽሻችሁም ሸታችሁም መጣችሁ። ቢያንስ የደበቃችሁት ነገር የለም። ሰጥቻለሁ።»

ጋሽ ሸዋንግዛው ብድግ ብለው ሁለቱንም እጃቸውን ዘርግተው አመሰገኑ፣ ስለ ብብታቸው ማንም ግድ አልነበረውም። ታደሰ ከኔ ይበልጥ አለቀሰ። እኔ ከንፈሬ ወይን ጠጅ መስሎ፣ ጉሮሮዬ እየተቃጠለ፣ የመስከረምን ዓይን ሽሽት ምንጣፉን አያለሁ። እሷ ከተንበረከከችበት ተነሳች፤ ባዶውን ሳህን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዳይፈስባት ቀስ እያለች ወደ ጓዳ ገባች።